«አንዴ ያዝልኝ»

በከተማ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልማድ አለ። ልጅ የታቀፈ ሰው መቀመጫ አጥቶ ከቆመ፣ የተቀመጠው እጁን ዘርግቶ ልጁን ይቀበለዋል። «አንዴ ያዝልኝ» ይባላል፣ ይያዛል። ስም አይጠየቅም፣ ስልክ አይለዋወጡም። መውረጃ ሲደርስ ልጁ ይመለሳል፣ «ተባረክ» ይባላል፣ በቃ። እኔም በዚህ ልማድ ስንቱን የሰው ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከላፍቶ ሜክሲኮ ደርሻለሁ። አንዱ እንዲያውም ሱሪዬን አርሶት ወርዷል። ስለዚህ ያን ቀን ኳስ ሜዳ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ልጁን ሲያቀብለኝ እጄን የዘረጋሁት ሳላስብ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ የአሉሚኒየምና መስታወት ሥራ ቤት ውስጥ መስታወት ቆራጭ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ከባለቤቴ ከህይወት ጋር ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠባዬን ካላችሁኝ፣ ሰው ሲያለቅስ ዞር ብሎ ሰዓቱን የሚያይ ዓይነት ሰው ነኝ። ድምፄ ከፍ የሚለው ለኳስ ብቻ ነው። የሰፈራችን ቡድን በተጫወተበት እሑድ ሁሉ ከጎሉ ጀርባ ካለው የአፈር ቁልል ላይ አልጠፋም፤ የምሄደው ብቻዬን፣ የምመለሰውም ብቻዬን ነበር።

ህይወት የመጀመሪያ ልጃችንን ማርገዟን የነገረችኝ ሳምንት፣ ለልጁ የገዛሁለት ነገር ካልሲ ወይም ብርድ ልብስ አልነበረም። አረንጓዴ ማሊያ ነበር፣ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ። ህይወት ገልበጥ አድርጋ አየቻትና «ይሄ ለእሱ ነው ለአንተ?» አለችኝ።

«ልጄ ከመራመዱ በፊት ያጨበጭባል» አልኳት።

«ከማጨብጨቡ በፊት ይተኛል፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል። እሱን ሜዳ ላይ ማን ያደርግልሃል?»

«ሕዝቡ» አልኳት። እየቀለድኩ አልነበረም። የሜዳ ሰው ልጅ ይወዳል፤ ብርቱካን ልጦ ያጎርሳል፣ ትከሻው ላይ ያወጣል። በዓይኔ ያየሁት ነገር ስለሆነ ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ህይወት ማሊያዋን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ ወራት አለፉ። ያ የማወራችሁ እሑድ የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። እኔ ጠዋት አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ መስኮት ስገጥም አርፍጄ፣ ማሊያ ለመልበስ ቤት ሳልደርስ፣ ግራጫ የሥራ ጃኬቴን እንደለበስኩ ነው ሜዳ የገባሁት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሜዳችን በአንድ ጎኑ በግንብ፣ በቀረው በቆርቆሮ የታጠረ፣ መቀመጫ የሚባል ነገር የሌለው ነው። ሰው የሚቀመጠው ከሁለቱ ጎሎች ጀርባ በተቆለለው አፈር ላይ ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለን። ደጋፊ የሚቀመጠው ቡድኑ ከሚያጠቃበት ጎል ጀርባ ነው፤ ግብ ሲገባ በቅርብ ለማየት። እረፍት ላይ ቡድኖቹ ጎል ሲቀይሩ ደጋፊውም ይቀይራል። አረንጓዴው በግንቡ በኩል፣ ሰማያዊው በተጠባባቂዎቹ ወንበር በኩል፣ ከበሮውን ተሸክሞ፣ እየተሰዳደበ፣ እየሳቀ ያልፋል። ለእንግዳ ሰው እብደት ይመስላል። ለእኛ ከጸሎት ያልተናነሰ ቋሚ ነገር ነው፤ የማይነቃነቅ ሰው የለም።

ሰውየው የመጣው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቀጠን ያለ፣ አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ፣ ሴት ልጁን አንገቱ ላይ እሽኮኮ ያደረገ ጎልማሳ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እሷም አረንጓዴ ማሊያ አድርጋለች፤ ጉልበቷ ድረስ ስለሚደርስ ቀሚስ መስሏል። አጠገቤ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

«ሶሊ ትባላለች» አለኝ ሳልጠይቀው። «ዛሬ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነው።»

«ገድ ይኑራት» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች፣ ሰው ሲነሳ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። ከኋላችን ያለው ሰው ብርቱካን ላጠላት፣ ከፊታችን ያለው ኮፍያውን አደረገላት። እንዳልኩት ነው፣ ሕዝቡ አለ። በልቤ «ህይወት ይህን ብታይ» አልኩ። እኛ አንድ ግብ ስናስቆጥር ግን ቩቩዜላው ከጆሮዋ ሥር ጮኸ። ልጅቷ ደነገጠች፣ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ጡጦዋን ቢያወጣ ባዶ ነው። ፀሐዩ ደግሞ ያቃጥላል።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «በር ላይ ውሃ ልግዛላት። በዚህ ሰው መሃል ይዣት ከምጋፋ፣ አንዴ ያዝልኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አባቷ በሰው ትከሻ መሃል እየተሽሎከለከ ወረደ። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እሱም ስሜን አልጠየቀኝም።

ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ለእረፍት ነፋ። አረንጓዴው ሕዝብ ብድግ አለ። ከበሮው ተነሳ፣ ባንዲራው ተጠቀለለ፣ ብርቱካን የላጠው ሰውዬ «ተነስ እንጂ» እያለ አለፈኝ። እኔ አልተነሳሁም። እናቴ በልጅነቴ መርካቶ ይዛኝ ስትሄድ «ከጠፋህ ካለህበት አትነቃነቅ፣ እኔ እመጣልሃለሁ» ትለኝ ነበር። አባትየው ልጁን የሰጠኝ እዚህ ነው፣ ስለዚህ የሚፈልገኝም እዚህ ነው። የልጅቷን ባዶ ጡጦ አፈሩ ላይ እንደ ምልክት አቁሜ ቁጭ አልኩ። ሐሳቤ ትክክል ነበር፤ ችግሩ አባትየውም እንደኔ ትክክል ማሰቡ ነው። በኋላ እንደነገረን፣ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ሕዝቡ በግንቡ በኩል እያለፈ ነበር። ይህን ሜዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እረፍት ላይ የማይነቃነቅ ደጋፊ የለም። ስለዚህ አብሮ ጎርፉ ውስጥ ገባና ሌላኛው ጎል ጀርባ ግራጫ ጃኬት ፍለጋ ጀመረ።

በዚህ በኩል ሰማያዊዎቹ ደረሱ። ቁልሉን በሙሉ ሞሉት። እኔ ማሊያ ስላልለበስኩ ማንም ልብ አላለኝም። በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መሃል አረንጓዴ የነበረችው አንዲት ሁለት ዓመት ያልዘለላት ልጅ ብቻ ናት።

«ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች?» አለ አንድ ጢማም ሰውዬ። ትልቁ ከበሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አስጨፋሪያቸው ነው።

«የሰው ልጅ ናት» አልኩት። «አባቷ ውሃ ሊገዛ ሄዷል። ሲመለስ እንዲያገኘን ነው እዚህ የቀረሁት።»

«ሰላይ አይደለችም?» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። አንዱ «ማሊያዋን እናውልቅላት» አለ፣ በጨዋታ ነው። ጢማሙ ልጅቷን ጎንበስ ብሎ አያት። ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቀና አለና «ከበሮ ወደ ታች እንውረድ። ልጅ አለች» ብሎ ጓደኞቹን ሰብስቦ ዝቅ አለ። ሲሄድ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ትቶልን ሄደ። እኔ ተቃራኒ ቡድን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። አባትየው አልመጣም።

ልጅቷን ውሃ አጠጣኋት፣ ዝም አላለችም። የእሷ እጆች ትናንሽ ስለሆኑ ጆሮዋን በደንብ አይሸፍኑም። ስለዚህ የእኔን እጆች በእጆቿ ላይ ደረብኩ። መስታወት የሚቆርጥ ሰው መዳፍ ሻካራ ነው፤ መዳፌ ከፊቷ ይሰፋል። እንደዚያ ሲሆን ለቅሶዋ ቀነሰ። እጄን ሳነሳ ይጨምራል። ፊቷ ወደ ሜዳው ሲሆን ሰው ሲወራጭ እያየች ትሸማቀቃለች፤ ስለዚህ ዞሬ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጠሁ።

እስቲ አስቡት። የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ቡድናችን እየመራ ነው። እኔ ከጎሉ ጀርባ፣ ማንም በሚመኘው ቦታ፣ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዙሬ፣ ሁለት እጄ የሰው ልጅ ጆሮ ላይ ነው። ጨዋታውን የማየው በልጅቷ ፊት ላይ ነበር። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ዓይኗ ይጠባል፣ ሲጮህ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በፊት ኳስ ሜዳ ምን እንደሚመስል ከዚያ በኩል አይቼ አላውቅም ነበር።

«ወደ በር ይዘሃት ውጣ» ያለኝ አንድ ሰው ነበር። «አባቷ ሲመጣ ቢያጣንስ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ብወጣ እንጠፋፋለን፤ ብቀመጥ ልጅቷ ትሰቃያለች። «ትንሽ ልጠብቅ» አልኩ፤ ደግሜም «ትንሽ» አልኩ።

ከዚያ ሰማያዊዎቹ አገቡ።

ግቡን አላየሁትም። የተሰማኝ መሬቱ ነው፤ ቁልሉ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከላይ የነበረው ሰው በሙሉ ወደ ጎሉ ወደ ታች ተንጋጋ። አንድ ጉልበት ትከሻዬን መታኝ፣ በግንባሬ ተደፋሁ። ልጅቷን ደረቴ ሥር አድርጌ በክርኖቼ ቆምኩ። በጀርባዬ ላይ ሰው ተራመደ፤ አንድ ይሁን ሦስት አላውቅም። ጢማሙ ከታች ከበሮውን ጥሎ ወደ ላይ ሲሮጥ፣ ካለንበት አጠገብ ሰው አቅፎ ሲዘል በእጄ ሥር አየሁት። ዓይኑ እኛ ላይ ነበር፣ ግን አላየንም። ያው ከበሮውን ያራቀላት ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ግብ ሲገባ ግን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እኔም ስንት ጊዜ እንደዚያ ዘልዬ በማን ላይ እንዳረፍኩ አላውቅም።

ሕዝቡ ሲረጋጋ ልጅቷን ከሥሬ አወጣኋት። አፈር ነክቷታል እንጂ አልተጎዳችም። ግን ማልቀሷን አቁማለች። ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ ትንፋሿን ብቻ ትስባለች። «ሶሊ» አልኳት። አልመለሰችም። ስታለቅስ ያልፈራሁት ሰውዬ ዝም ስትል ፈራሁ። መጠበቁ በቃኝ፤ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ፣ ዚፑን እስከ አንገቷ ስቤ፣ ሰው እየገፋሁ ወረድኩ። ጡጦዋ እዚያው አፈሩ ላይ ቀረ።

ከበሩ ውጪ ጥላ ሥር ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት ነበረች። እሷ ዘንድ ቆምኩ። በሚወጣና በሚገባ ሰው ላይ ዓይኔን ተክዬ ስጠብቅ፣ ሴትየዋ ደግሞ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«ልጅቷ ያንተ ናት?» አለችኝ።

«አይደለችም እናቴ። አባቷን እየጠበቅኩ ነው።»

«አባቷ ማን ይባላል?»

«አላውቅም።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«አላውቅም።»

ብርቱካን መላጧን አቆመች። «ልጅ ያለው ሰው እንዲህ አይይዝም ብዬ ነበር። እንደ ዕቃ ነው የያዝካት» አለች፤ ከዚያ ድምጿን ሳትጨምር «አለቃ፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡ» ብላ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራችው።

ፖሊሱ መጣ። እኔም የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስናገር የራሴን ቃል እየሰማሁ ነበር። የማላውቀው ሰው ልጁን ሰጠኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ አልተነሳሁም። አሁን ልጅቷን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ከሜዳው ወጣሁ። እኔ ፖሊሱን ብሆን አላምነኝም ነበር።

«መታወቂያ» አለኝ።

አውጥቼ ሰጠሁት። ያኔ ነው አባትየው በሩን በርግዶ የወጣው። ላብ አጥቦታል፣ ማሊያው ትከሻው ላይ ተቀዷል፣ የውሃ ጠርሙሱ አሁንም እጁ ላይ ነው። ለካ ሌላኛው ጎል ጋ ሲያጣን ወደ እኛ ተመልሶ ኖሯል። አስተባባሪዎቹ ግን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ሰማያዊዎቹ መሃል እንዳይገባ ከልክለውታል። «ልጄ እዚያ አለች» ቢል፣ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» ብለውታል።

«ሶሊ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

ልጅቷ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ አንገቴ ሥር ቀበረች። በትንሽ እጇ የጃኬቴን ኮሌታ ጨመደደች።

የአባትየው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አባቷ ነኝ» አለ ለፖሊሱ። «ታምሩ እባላለሁ። አባቷ ነኝ።»

«ልጅቷ እንደዚያ አላለችም» አለ ፖሊሱ። «ፎቶዋ ስልክህ ላይ አለ?»

ታምሩ ከኪሱ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣ። «ደህናው ስልኬ ቤት ነው ያለው። ኳስ ሜዳ ሌባ ስለሚበዛ እንዳይሰርቁኝ ብዬ ትቼው ነው የመጣሁት።»

ብርቱካን ሻጯ ቀና አለች። «ስልኩን ፈርተህለት ቤት ትተኸዋል፤ ልጅቷን ይዘሃት መጣህ» አለችው።

ታምሩ ስልኩን አየ፣ ልጁንም አየ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አዘንኩለት። የሱ ስህተት ከእኔ ሐሳብ የተለየ አልነበረም፤ ለእኔ ልጅ የተገዛችው ማሊያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች።

«እናቷ የት ናት?» አለ ፖሊሱ።

«ሥራ ናት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ እሑድም ትገባለች።»

«ደውልላትና ድምፁን ክፈተው።»

ታምሩ ስልኩን ያዘ፣ ግን ቁጥሩን አልነካም። «አለቃ፣ ሌላ መንገድ የለም?» አለ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለች ሴትየዋ። «ሚስቱን የሚፈራ አባት?»

«እሱስ ብዙ ነው» አለ ፖሊሱ። «ደውል።»

«ወንድሜ፣ ደውልላት» አልኩት እኔም። «ልጅቷ ዝም ካለች ቆይታለች። የእናቷን ድምፅ ትስማ።» ይህን ስለው ነው የደወለው።

«ታሜ» አለች ከወዲያ በኩል የደስ ደስ ያለው ድምፅ። «እህትህ ጋ ደረሳችሁ? ምሳዋን በላችልህ?»

እዚህ ላይ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ታምሩ «ጎፋ እህቴ ጋ እወስዳታለሁ» ብሎ ነበር ከቤት የወጣው። ታምሩ ሊመልስ ሲል ከአጥሩ ወዲያ ሜዳው ጮኸ። ቆርቆሮው ራሱ ነዘረ። ልጅቷ ኮሌታዬን ይበልጥ አጠበቀች።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለች እናትየዋ ከስልኩ ውስጥ። ድምጿ ተለውጧል። «የት ናችሁ?»

«ሶሊን አናግሪያት» አለና ስልኩን ወደ ልጅቷ አስጠጋ።

«ሶሊ? የኔ ማር? እናቴ፣ አለሽ?»

ልጅቷ ጭንቅላቷን ከአንገቴ አነሳች። ስልኩን አየችው። «ማሚ» አለች። ከዚያ ግርግር በኋላ ያወጣችው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ወዲያው እንባዋ መጣ፣ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። እኔ እንደዚያ ቀን የልጅ ለቅሶ ሰምቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዚፑን ከፈትኩ። ወደ ስልኩ ተንጠራራች፤ በስልኩ ወደ አባቷ እጅ፣ ከእጁ ወደ ደረቱ አለፈች። ታምሩ ተቀብሏት አፈር ላይ ቁጭ አለና እሱም አለቀሰ። ሰዓቴን አላየሁም።

«በቃኝ» አለ ፖሊሱ፣ መታወቂያዬንም መለሰልኝ።

ከስልኩ ውስጥ እናትየዋ ለጥቂት ጊዜ የሁለቱን ለቅሶ አዳመጠች። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታምሩ፣ ልጄን ወደ ቤት አምጣት።» ታሜ የሚለው ስም ቀርቶ ነበር።

ብርቱካን ሻጯ ሁለት ብርቱካን በፌስታል አድርጋ ለታምሩ ሰጠችው። ለእኔም አንድ ሰጠችኝና «ክፉ አስቤብህ ነበር፣ ይቅር በለኝ» አለች። «ደግ አደረጉ» አልኳት፣ ከልቤ ነው። ከታምሩ ጋር ስልክ ተለዋወጥን። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን መጨረሻ ላይ አደረግነው።

ቤት ስገባ ህይወት ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር። ጃኬቴ ላይ ያለውን የጫማ ዱካ አላየችም።

«ስንት ለስንት ወጣችሁ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። በትዳራችን ይህን መልስ ሰምታ አታውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «አሸነፍኩህ» አላለችም። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ይገላበጥ ነበር።

ታምሩ ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። ሶሊ ደህና ናት አለ። የድስት ክዳን ሲወድቅ ግን፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ፣ ጆሮዋን ይዛ «ጎል» ትላለች። አስፈሪ ድምፅ ሁሉ ለእሷ ስሙ ጎል ሆኗል። ከወራት በኋላ ነገሩ እየቀነሰ ሄዶ እንደተዋት ነገረኝ። ባለቤቱ ግን ለረጅም ጊዜ ልጅቷን ይዞ ከደጅ ሲወጣ የት እንደሚሄድ ሁለቴ ትጠይቀው ነበር።

አንባቢዎች ሆይ፣ ስለዚህ ነገር ሰው ሲከራከር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንዱ «ልጅ ከሕዝብ ጋር ይደግ» ይላል፣ ሌላው «ሕፃን ሜዳ ምን ይሠራል» ይላል። እኔ ከመሬት ተነስቼ ስብከት የምሰብክ ሰው አይደለሁም። ሕዝቡ ክፉ ስለሆነ አታምጡ አልልም፤ ክፉ አይደለም። ብርቱካን ይልጣል፣ ከበሮ ያርቃል። ነገር ግን የሕዝብ ደግነት ግብ እስኪገባ ድረስ ነው፤ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ የምትፈልገው ከግቡ በኋላም የሚያስታውሳትን ሰው ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት መለኪያ ይህ ነው፦ ልጁ «እንሂድ» ማለት እስኪችል ጠብቁ። እናንተም ያንን ሰምታችሁ መነሳት የምትችሉ መሆናችሁን እርግጠኛ ሁኑ። ከሁለቱ የሚከብደው የቱ እንደሆነ ደጋፊ የሆነ ያውቀዋል።

ያቺ ትንሽ ማሊያ አልተለበሰችም። ልጄ ናሆም ተወለደ፣ ጠበበችው፣ አለፋት። አምስት ዓመት ሲሞላው «አባዬ ኳስ ውሰደኝ» እያለ ጠዋት ማታ ነዘነዘኝ። ባለፈው እሑድ ወሰድኩት። ከበሮው ከሚመታበት ራቅ ብለን፣ ለበሩ ቅርብ ሆነን ተቀመጥን። ደስ ብሎት ነበር፤ የተጫዋቾቹን ቁጥር እየጠራ ያነባል። አንድ ለአንድ ነበርን። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዳኛው ለእኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሕዝቡ ብድግ አለ። የእኛ አጥቂ ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጠ።

እጄ ተጎተተ።

«አባዬ» አለኝ ናሆም። ፊቱ ገርጥቷል፣ አንድ ጆሮውን በትከሻው ደፍኗል። «እንሂድ።»

አጥቂው መንደርደር ጀምሮ ነበር። አየሁት፣ ልጄንም አየሁት። ከዚያ አንስቼ አቀፍኩትና መዳፌን ጆሮው ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ከበሩ አልፈን መንገድ ስንሻገር ከኋላችን ሜዳው ጮኸ። የደስታ ይሁን የቁጭት መለየት አልቻልኩም። ዞሬ አላየሁም። ናሆም መዳፌን ከጆሮው ላይ አነሳና፣

«አባዬ፣ ገባ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት፤ ወደ ላፍቶ የሚሄድ ታክሲ ስላየሁ እጄን አነሳሁ።